ወርቄ ጉድጓድ ውስጥ ነው

ትናንት ምራቴ ከገበያ ቆጮ በፌስታል ይዛ ገባች። በፌስታል! እኔ የማውቀው ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ታስሮ ነው። ፌስታሉን ስትፈታው ግን ሽታው ያው የድሮው ነው። ኮምጠጥ ያለ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል። አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ።

አላመመኝም። ተናድጄ ነው። እሷ ላይ አይደለም፤ እሷ ምን በወጣት። የእኔ ንዴት አሮጌ ነው፣ ከእሷ ጋብቻም ይበልጣል። አምቦ ውስጥ የሚያውቀኝን ሰው ብትጠይቅ፣ ልጄ፣ እሱ ሰውዬ ሲቆጣ አይተን አናውቅም ይልሃል። እውነት ነው፣ አላዩኝም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው የምቆጣው፤ እሱንም እስከ ዛሬ ለሚስቴ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ለአንተ ልንገርህና ይውጣልኝ።

ያን ጊዜ አርባ አልሞላኝም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችኝ፤ መናኸሪያው አጠገብ አቆማትና ሰውም ጭነትም እወስድባታለሁ። በዚያ ወራት ከተማችን ውስጥ አዲስ ቃል ገብቶ ነበር፣ «ባለሀብት» የሚሉት። ድሮ ሀብታም ነበር የምንለው። እኛ ሹፌሮቹ ታዲያ ሀብታም ማለት ገንዘብ ያለው ነው፣ ባለሀብት ማለት ግን ገንዘብ ሊመጣልኝ ነው ብሎ ሻንጣ ይዞ የሚዞር ነው እያልን እንስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት እንዲህ ያለው አንዱ ከአዲስ አበባ መጣ። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። ነጭ ሸሚዝ፣ የቆዳ ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ታጥፎ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ ካርታ። በንጉሡ ጊዜ ወርቅ ይታጠብባቸው የነበሩ ሦስት ሰፈሮች ከጉደር ወዲያ አሉ፣ ሰው ጥሏቸው ሄዷል፣ እነሱን ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። ወርቁ አላለቀም፣ የድሮዎቹ ላይ ላዩን ጭረው ነው የሄዱት፣ እኔ አስከፍተዋለሁ ይላል።

«ሹፌር፣ ኦሮምኛ ትችላለህ?»

«አፌን የፈታሁበት ነው።»

«ጥሩ። አስተርጓሚም በዚያው ተገኘ።»

ተስማማን። እሱ አንተ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። በዕድሜ እበልጠዋለሁና አንቱ ይበለኝ አላልኩም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን ስሜን አልጠየቀኝም።

ጉደር ቁርስ ለመብላት አንዲት ምግብ ቤት ገባን። ቤቷ ትንሽ ናት፤ በበሩ የምትገባው ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ትወድቃለች፣ የወንዙ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ባለቤቷ ሴትዮ ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልን። ሰውዬው አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ቆጮ ነው ጌታዬ። ዛሬ የወጣ ነው፣ ይቅመሱት» አልኩት።

«የእንሰት ሥር?» ሣቀ። ከልቡ ሣቀ። «እናንተ ወርቅ ላይ ተኝታችሁ ሥር ትግጣላችሁ!»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ብላ በኦሮምኛ፣ «ኦቦ ሹፌር፣ ይሄን ደግሞ ከየት ነው የጫንከው?» አለችኝ።

«ከመናኸሪያ። ዕቃ መስሎኝ ነው» አልኳት።

ሣቅን። ምን አለች አለኝ። እንኳን ደህና መጡ ነው ያለችው አልኩት። አየህ፣ ነገሩ የጀመረው እዚያ ነው። ምላሴ መሐላችን ላይ ተቀምጣ እንደፈለገች እንደምትሆን ያን ቀን አወቅሁ፤ ጣፈጠኝም። የእሱን ድርሻ ስቤ ፊቱ ላይ ቀስ ብዬ በላሁት።

የመጀመሪያው ሰፈር ከዋናው መንገድ ወጥተን በከብት መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ከተንገጫገጭን በኋላ ነው የተገኘው። ተገኘ ከተባለ። ባሕር ዛፍ ግራና ቀኝ በመስመር ቆሟል፤ መሐሉ ላይ ግን መንገድ የለም፣ እሾህ ነው። ከወንዙ ዳር የታጠበ ጠጠር እንደ ቤት ተከምሯል። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። አንድ ትልቅ የብረት በርሜል ዝጎ ወድቆ፣ በሆዱ ውስጥ ሾላ በቅሎ በአፉ ወጥቷል። የዛገ ብረት ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ አለ፣ ደም ደም የሚል። ቦታው ሁሉ እሱን ይሸታል። ሰውዬው ጠጠሩን እየዘገነ በመነጽር አየና፣ ማስታወሻው ላይ ጻፈና፣ እንሂድ አለ።

ሁለተኛው ከጌዶ አልፎ ነው። እዚያ የሥራ አስኪያጅ ቤት የነበረ ግንብ አለ። ቆርቆሮው ተነቅሎ ተወስዷል፣ መስኮቱ ተወስዷል፣ በሩ ተወስዷል። መሸከም ያልቻሉት ነጭ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ብቻ መሐል ወለል ላይ ቀርቷል፤ ዝናብ ሞልቶት ከብት ይጠጣበታል። ላሞቹን የያዘው ሰው ትልቅ ሰው ነበር። አባቱ እዚያ ወንዝ ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ወርቅ ሲያጥብ ኖሮ እግሩ ተልፈስፍሶ እንደሞተ ነገረን። ከዚያ እጁን ወደ ዳገቱ ዘረጋ። ዳገቱ ሁሉ ጉድጓድ ነው፣ አፉ በቁጥቋጦ የተሸፈነ።

«ዘንድሮ በሬዬ ገባበት» አለኝ። «ሦስት ቀን ጮኸ፣ ማውጣት አቃተን። ይሄ የአንተ ጌታ ወርቁን ከማውጣቱ በፊት እስቲ ጉድጓዱን ይድፈንልን በለው።»

ይሄን ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሰውዬው ማስታወሻው ላይ ጻፈ። አጮልቄ አየሁት፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፣ የእሱን ጽሕፈት ግን ለማንበብ በቃኝ። «ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ቁፋሮ ይቀንስልናል» ይላል።

የመኪናዋን በር በኃይል ዘግቼ አስነሣኋት።

ሦስተኛው ሰፈር የደረስነው በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነው። የሰኔ ደመና ዝቅ ብሎ፣ ብርሃኑ እንደ ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ውሃ ጨርሳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው የደረሰችው። እዚህም ያው ነው፣ የፈረሰ ሱቅ፣ የፈረሰ ክሊኒክ፣ በረድፍ የተሠሩ የሠራተኛ ቤቶች ግድግዳ። ከረድፉ መጨረሻ ግን ጭስ ይወጣል። አንድ ቤት ሳር ክዳኑ ታድሷል፣ ዙሪያውን እንሰት ከብቦታል። ነፋስ ሲነካው የእንሰት ቅጠል የሚያሰማውን ድምፅ ታውቃለህ? ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ይመስላል። በዚያ ባዶ ሰፈር ውስጥ እሱን ስሰማ ሰው ያለ መሰለኝ።

ያለችው አንዲት አሮጊት ናት። ባሏ ወርቅ ቆፋሪ ነበር፣ ጉድጓድ ተንዶበት እዚያው ቀርቷል። ወርቁን ያስወጣ የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ሰው ሁሉ ሲሄድ እሷ እሱን ትቼ አልሄድም ብላ ቀረች። አንድ ሴት ልጅ አለቻት፣ ሩቅ አገር ተድራለች። ይሄን ሁሉ በር ላይ ቆመን ነው የነገረችን፣ ሰው አጥታ የከረመች ስለሆነች። ደስታዋ ደግሞ ልጇ ልትመጣ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ በወሩ መጨረሻ ትመጣለች። «አራስ ቤቴ ይገባል!» ትላለች፣ እጇን እያጨበጨበች። ጥርስ የላትም፣ ሣቋ ግን የልጅ ነው።

ሰውዬው ትዕግሥት አጣ። «ወርቅ አላት ወይ በላት። የቀረ ነገር ካለ ታሳየን። እነዚህ ደብቀው ነው የሚያስቀምጡት።»

ጠየቅኋት። አሮጊቷ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ አንዱን እንሰት እንደ ላም ጎኑን ቸብ ቸብ አደረገችው። የአገራችንን ነገር ታውቃለህ፤ በኦሮምኛ እንሰትም ወርቄ ነው፣ ወርቅም ያው ወርቄ ነው። ሰዉ በነገሩ ይለየዋል እንጂ አፉ ላይ አንድ ነው። እሷም ቀልደኛ ናት።

«የእነሱን ወርቅ እነሱ ወሰዱት» አለች። «ወርቄን ኮ ቦላ ኬሳ ጂራ።»

የእኔ እንሰት ጉድጓድ ውስጥ አለ ማለቷ ነው። ቆጮዋን ነው። ለልጇ አራስ ቤት ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓሮ ቀብራ ያበሰለችውን። ከዚህ ወዲያ እንሰት ፍቆ አዲስ ለመቅበር እጄ አይችልም፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው ብላኛለች።

ሰውዬው ግን ዓይኑ ፈጠጠ። «ወርቄ አለች! ወርቄ ስትል ሰምቻለሁ! ምን አለች?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እንሰት ማለቷ ነው፣ ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሥር ትግጣላችሁ ያለው፣ በሬው ሦስት ቀን የጮኸው፣ ስሜን ያልጠየቀው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ይቃጠል አልኩ በሆዴ። ዛሬ ሌሊቱን ሲገላበጥ ይደር፣ ነገ ጉደር ሴትዮዋ ቤት ስንደርስ እነግረዋለሁ፣ እንስቅበታለን።

«ወርቄ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ አለች» አልኩት።

ውሸት የለበትም። አየህ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ? አንድም ውሸት የለበትም።

አሮጊቷ እንግዳ በደረቁ አላሳልፍም ብላ ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ጎረቤቷ ቤት ወተት ልታመጣ ሄደች። እኔ ጀሪካን ይዤ ለመኪናዋ ውሃ ልቀዳ ወንዝ ወረድኩ። እየሣቅሁ ነበር የወረድኩት። ይሄን አልረሳውም፤ ብቻዬን እየሣቅሁ።

ስመለስ ዝናቡ ጀምሯል። መጀመሪያ ሽታው ነው የደረሰኝ። ያ የቆጮ ሽታ ከዝናብ ጋር ሲቀላቀል አየሩን ሞልቶታል። ከጓሮ ዞርኩ። ሰውዬው ነጭ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ተንበርክኮ፣ የእኔን አካፋ፣ ከእኔ መኪና ያወጣውን አካፋ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይሰነቅራል። ድንጋዮቹ ተገፍተዋል። አሮጊቷ ድርብርብ አድርጋ ያለበሰችው ኮባ ተቦጫጭቆ ጭቃ ላይ ተበትኗል። ቆጮው እየተዛቀ ግራና ቀኝ ተጥሏል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ እሱም በጫማው ይረግጠዋል።

«ና፣ ና አግዘኝ!» አለኝ። «የበሰበሰ ነገር ከላይ አድርጋ ሰው እንዳይጠጋው ነው። ወርቁ ከሥር ነው!»

ጀሪካኑን ጥዬ ክንዱን ያዝኩት።

«ወርቄ ማለት እንሰት ነው።»

«ምን?»

«እንሰት። ወርቄ ይሉታል። ይሄ ምግቧ ነው። የአራሷ ምግብ ነው።»

አካፋውን ይዞ ቆመ። ውሃ ከፀጉሩ ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ እጁን አየ፣ አንድ ጊዜ ጉድጓዱን አየ። ከዚያ ጠየቀኝ፤

«ታዲያ ቅድም ለምን አልነገርከኝም?»

ይሄን ሁሉ ዓመት መልስ ስፈልግለት ኖርኩ። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የሰው ጓሮ ሳይጠይቅ ቆፍሮ ይገባል? ሰው ቀብሮ ያስቀመጠውን ሁሉ ለእሱ የተቀመጠ ያስመስለዋል? ከእሱ በፊት የመጡትም እንዲሁ ነበሩ፤ ከፈቱ፣ ዛቁ፣ ክፍቱን ጥለው ሄዱ። ጥፋቱ የእሱ ነው እላለሁ። እላለሁና ያቺ ጥያቄው ትመጣብኛለች። በሕይወቱ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ፣ እሱንም እኔን።

አሮጊቷ ወተቱን በቅል ይዛ፣ በነጠላዋ ከዝናብ ከልላው መጣች። የተደረገውን አየች። ቅሉን እንዳይደፋ በግድግዳው ጥግ አስደግፋ አስቀመጠች። ከዚያ ተቀመጠችና ከጭቃው ላይ እያነሣች፣ እያሸተተች፣ ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም እያለች በቀሚሷ ትይዝ ጀመር። ብዙው አይሆንም ነበር። አፈር የገባበት፣ ዝናብ የጠጣ ቆጮ ይበላሻል፤ ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴ ስትቀብር አግዣት ነው ያደግሁት። ሰውዬው ከሻንጣው ብስኩት አወጣ። አንድ ፓኬት ብስኩት! ዘረጋላት። አልተቀበለችውም፤ ግድግዳው ላይ አስቀመጠው።

እሱን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ።

«ኢልመ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። «አቲ ሆ ቤክታ ሚቲ?»

አንተስ ታውቅ የለም እንዴ?

ከዚያ ተነሥታ ወተቱን ሰጠችን። ሰጠችን እኮ ነው የምልህ። እሱ እምቢ አለ፤ እኔ ጠጣሁ። ለእንግዳ ብላ ዝናብ ውስጥ የሄደችበትን እንዴት እመልስባታለሁ? ገና ከላሟ ጡት የወጣ፣ ለብ ያለ ነበር። ሲወርድ ግን አቃጠለኝ።

ጌዶ ስንደርስ መኪናዋን አቆምኩና ሻንጣውን አውርጄ መንገዱ ዳር አስቀመጥኩት።

«አውቶቡስ ነገ ጠዋት አለ» አልኩት።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ውረድ» አልኩት። አንተ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ነፍሷን ይማረውና ሰምታ ሰምታ፣ ለአራስ የተቀመጠ ነው? አለች። አዎ አልኳት። በገበያው ቀን ጉደር ሄዳ፣ ከሻጭ ሻጭ እየዞረች በእጇ እያፍተለተለች፣ የበሰለውን መርጣ አንድ ጆንያ ሙሉ አመጣች። «ይሄን ሳታደርስ እዚህ ቤት ምሳ የለህም» አለችኝ።

ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር መድረስ የቻልኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከዳገቱ ላይ ሆኜ አየሁ፤ ጭስ የለም። በሩ በገመድ ታስሯል። ብስኩቱ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፣ አይጥ ጎኑን በልቶታል። ከሸለቆው ማዶ ያለችው ጎረቤት መኪና ሰምታ መጣች።

«ሄደች» አለችኝ። «ልጄን በባዶ ቤት አላርስም ብላ ወደ አማቾቿ ሄደች። እናት ከልጇ አማት ቤት ቆጮ ለምና ልጇን ስታርስ አይተህ ታውቃለህ? እያለቀሰች ነው የሄደችው።»

«ትመለሳለች?»

«ማን ያውቃል። ቦታው ሩቅ ነው፣ ጉልበቷም የለም።» ከዚያ ወደ ሰፈሩ እያየች፣ «ከነዚያ ሁሉ ሰዎች የቀረችው እሷ ነበረች» አለች።

ድርጅቱ ሲዘጋ ያልወጣችውን፣ ባሏ ሲሞት ያልወጣችውን፣ በአንድ ቃል እኔ አስወጣኋት።

ጎረቤቲቱ ስትሄድ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ውሃ ይዟል። ውሃውን በጣሳ ቀዳሁት። ከራሷ እንሰት ኮባ ቆርጬ፣ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት እያደራረብኩ ዙሪያውን አለበስኩት። የጆንያውን ቆጮ እየጨበጥኩ ጠቀጠቅሁበት፣ በእግሬ ረገጥኩት፣ በኮባ ሸፈንኩት፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ መልሼ ጫንኩበት። ሲመሽ ጨረስኩ። ነፋሱ መጥቶ ቅጠሉን ነካው፤ ያ ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ የሚመስለው ድምፅ መጣ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ድፍረት አጣሁ፤ ድፍረቱ ሲመጣ መኪናዋ ተሸጣለች፣ አሁን ደግሞ እግሬም ከድቶኛል። ተመልሳ ትክፈተው፣ ሌላ ሰው ያግኘው፣ አፈር ይሁን፣ አላውቅም።

ምራቴ ቆጮውን ጋግራ ትናንት ማታ አቀረበችልኝ። «አባባ፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ይቅመሱት» አለች። አንድ ጉርሻ ወሰድኩና ተውኩት። ትንሿ የልጅ ልጄ ጎኔ ተቀምጣ፣ አያቴ ወርቄ አይወድም? ብላ እናቷን ጠየቀች።

እወዳለሁ አልኳት። የእኔ ወርቄ ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው።